«መንግሥት» የሚለው ቃል በድንበር ላይ

እንግሊዛዊው ቶም ቦቶሞር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው የፖለቲካ ሶሲዮሎጂ መግቢያ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ገዳሪፍ ለነበሩ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ጥቂት ገጾቹን ልተረጉም ስቀመጥ ያስቸገረኝ የጸሐፊው አገላለጽ ሳይሆን «መንግሥት» የተባለው የራሳችን ቃል ሆነ። ዐረብኛ «ደውላ»ንና «ሁኩማ»ን ይለያል፤ የፊተኛው ሹማምንት ቢለዋወጡም የሚቀጥለው ተቋም ሲሆን የኋለኛው በወንበሩ ላይ ያለው አስተዳደር ነው። አማርኛችን ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠራል። እየተለመደ የመጣው «ሀገረ መንግሥት» ችግሩን ያቃለለ ቢመስልም፣ ገና ሊመረመር የሚገባውን ነገር አስቀድሞ በሀገር ድንበር ያጥረዋል።

ቦቶሞር ከሕገ መንግሥት አንቀጾች ሳይሆን ኃይል በኅብረተሰብ ውስጥ ካለው ቦታ መነሣቱ የሚያስመሰግነው ነው። መደቦችን፣ ፓርቲዎችንና ማኅበራዊ ንቅናቄዎችን በጥሩ ግልጽነት ያቀርባል። ነገር ግን በዚህ የትምህርት ዘርፍ ተማሪ ሁሉ የሚሸመድደው የማክስ ቬበር ብያኔ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ሙኒክ ላይ ባደረገው ንግግር መንግሥትን በአንድ ግዛት ውስጥ ኃይልን በቅቡልነት የመጠቀም ብቸኛ መብት አለኝ ብሎ የተሳካለት ማኅበር አድርጎ ገልጾታል። በፈተና ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀረው «የተሳካለት» የሚለው ነው። ጉዳዩ ሁሉ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

ምስክሩ ሩቅ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ የ1902 ውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሁለቱም ቅጂ እኩል የጸና ነበር (ተርጓሚ በዚህ ይቀናል)። በተከታዩ ዓመት ሻለቃ ግዊን መስመሩን በመሬት ላይ አመለከተ። በአትባራና በሰቲት ወንዞች መካከል ያለው አል ፋሽጋ በዚህ መስመር ለሱዳን የደረሰ ቢሆንም ሰሊጥና ማሽላ የሚዘሩ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ለዓመታት ሲያርሱት፣ ግብራቸውንም ለኢትዮጵያ ሹማምንት ሲከፍሉ ቆዩ። የ1972ቱ የሁለቱ አገሮች የደብዳቤ ልውውጥ መስመሩን ተቀብሎ የገበሬዎቹን ይዞታ በይደር ተወው። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ገባ። እንግዲህ የቬበር «ግዛት» በእነዚያ ዓመታት የማን ነበር? ካርታ የያዘው ወገን ወይስ ግብር የተቀበለው? አንድ ተማሪ ይህንኑ ሲጠይቀኝ ከመጽሐፉ መልስ ላገኝለት አልቻልኩም።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይታየኛል። ስለ አዳዲስ አገሮች ምሥረታ ምዕራፍ ቢኖረውም፣ በሁለት መንግሥታት መካከል ለሚኖር ሰው የተለየ ምዕራፍ አልሰጠውም። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹ ሰዎች ወደ ሐምዳይትና ወደ ኡም ራኩባ ገቡ፤ ኡም ራኩባም በ1970ዎቹ ረሃብ ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ስፍራ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ስደተኛው በመተማ በኩል ወደዚህኛው ወገን ተሻገረ። ለእነዚህ ሰዎች «ዜጋ» የሚለው ቃል የትምህርቱ መነሻ ሊሆን አይችልም፤ ከእጃቸው ሊያመልጥ የሚችል ነገር ነውና።

መምህራን የአገሮች ምሥረታውን ምዕራፍ ከብያኔው አስቀድመው ቢያስነብቡ እመርጣለሁ። እኔም በትርጉሜ «መንግሥት»ን ለ«ደውላ»፣ «አስተዳደር»ን ለ«ሁኩማ» አድርጌ፣ የዐረብኛውን ቃል በኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።