የጀበናው ዕድሜና የሠሪዋ እጅ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአዲሱ ገበያ ከአንድ አዟሪ አንድ ጥቁር ጀበና ገዛሁ። የጎንደር ዘመን ቅርስ መሆኑ ተነገረኝ፤ ዋጋውም ለዘመኑ የሚመጥን ነበር። ቤቴ ወስጄ በሙቅ ውኃ ሳጥበው ያ ሁሉ ዘመን በመዳፌ ላይ ቀረ። ጥላሸት መስሎ የታየኝ የጫማ ቀለም ኖሯል። መታለሌ የግሌ ጉዳይ ነው። ለኪነ ጥበብ ሰውና ለመምህር መቅረብ ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሐሰተኛው የቱ ነበር? ጀበናው ወይስ ወሬው?

በቅድሚያ ስለ መለያው እንነጋገር። ጥቁረት ብቻውን የዕድሜ ምስክር አይሆንም። ሸክላ ሠሪዋ ገና ከእሳት የወጣውን ጀበና በቅጠልና በገለባ ጭስ አፍና በአንድ ቀን ልታጠቁረው ትችላለችና። ዕድሜ የሚነበበው ዕቃው በሠራባቸው ቦታዎች ነው። ለዓመታት ቡና የፈላበት ጀበና ጥላሸቱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ሆዱ እየሳሳ ይወጣል፤ እጀታው ጣት በሚገባበት በኩል ይለሰልሳል፤ የአፉ ጠርዝ ውታፉ በሚነካው በኩል ይበላል። የቆየ ስባሪ ጠርዙ ዶልዱሞና ጠቁሮ ይገኛል፤ አዲስ ስባሪ ግን ስለታም ነው፤ የአፈሩንም ቀለም ያጋልጣል። ሙቅ ውኃ ሲጨመርበት ያገለገለ ሸክላ የጠጣውን ቡና መልሶ ይተነፍሳል። ከአንገት እስከ መቀመጫ አንድ ወጥ የጠቆረ፣ ውስጡ ግን ንጹሕ የሆነ ጀበና ሥራ ሳይሠራ ያረጀ ነው።

ታሪክም የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። በደጋው የክርስቲያን ኅብረተሰብ ዘንድ ቡና ለረጅም ጊዜ የተነቀፈ መጠጥ ነበር፤ በሰፊው የተለመደውም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በተጨማሪም በየዕለቱ እሳት ላይ የሚጣድ ሸክላ ዕድሜው አጭር ነው። እንግዲህ «የጎንደር ዘመን» የሚለውን ስብከት የሚሰማ ገዢ ከዓይኑ በፊት አእምሮውን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ጀበናውን ይዤ ወደ ቀጨኔ ሄድኩ። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ይህ የጉለሌ ሰፈር በሸክላ ሥራና በሽመና የታወቀ ነው። አንዲት አረጋዊት ሸክላ ሠሪ ጣታቸውን በአንገቱ ውስጥ አስገብተው መጋጠሚያውን ዳሰሱና «ልጄ፣ ይህ የእኛው ሰፈር እጅ ነው፤ ዓመትም አልሞላው» አሉኝ። የከፈልኩትን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኛ ስንሸጠውማ ጭቃ ነው» አሉ።

ጥያቄው እዚህ ላይ ተመለሰ። ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ የቆመው ያ ክብ ሆድና ቀጭን አንገት የዛሬ ዘመን እውነተኛ ሥራ ነበር። ሐሰተኛው የተለጠፈበት ዕድሜ ነው። ዕድሜውን የለጠፈው ነጋዴ ቢሆንም ያስለጠፍነው እኛ ነን፤ ከሠሪዋ ጋር በሳንቲም እየተከራከርን ለአቧራ በሺህ የምንከፍል ሰብሳቢዎች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ «ጠይብ» የሚለው ንቀት በቋንቋችን ውስጥ እስከ ዛሬ አድፍጧል። ሠሪዋን እየናቁ ሥራዋን ቅርስ ብሎ ማወደስ ከጫማው ቀለም የባሰ ማስመሰል ነው።

በቻይና የይሺንግ ከተማ ሸክላ ሠሪዎች በሻይ ማፍያቸው ሥር የስማቸውን ማኅተም ያትማሉ። እርግጥ ማኅተምም ይመሰላል። ታላቁ ባለሙያ ጉ ጂንግዦ ራሱ በወጣትነቱ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ በሻንጋይ ለጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ የቀደምት ሊቃውንትን ሥራ አስመስሎ ይሠራ ነበር። ይሁን እንጂ ኋላ በገዛ ስሙ ሲሠራ ስሙ ዋጋ አወጣ፤ ሥራዎቹም በተራቸው የአስመሳዮች ዒላማ ሆኑ። የእኛዋ ሠሪ ግን የሚሰረቅ ስም እንኳ አልተሰጣትም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከላከላል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የነገው ቅርስ ዛሬ በቀጨኔ እየተቃጠለ ነው። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋ በጀበናዋ መቀመጫ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ ስሟንና ዓመተ ምሕረቱን ትጻፍ። ኤግዚቢሽን አዘጋጆች ስሟን ከሠዓሊው ስም እኩል ያስፍሩ፤ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ሥራ ቦታዋ ይውሰዱ። ያን ጊዜ አዲስ ጀበና አዲስ ነኝ ለማለት አያፍርም፤ የጫማ ቀለሙም ወደ ጫማው ይመለሳል።