«ዘው አለ» ስለሚለው ግሥ

ሳይጠሩ መግባትን የሚያስረዱት ግሦች በታሪክ ጽሑፍ ላይ ያለ ልዩነት ሲለዋወጡ ማየት ያሳዝናል። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. «ጎንደር ሰተት ብሎ ገባ» የሚል አንብቤአለሁ፤ «ዘው አለ» የሚልም ሰምቻለሁ።

ዘው ማለት ምን እንደ ሆነ የዳባትና የደባርቅ ገበሬ በሚገባ ያውቀዋል። በዚያ ደጋ እንግዳ ሲመጣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ውሻው ይጮኻል፤ ባለቤቲቱ ወጥታ ውሻውን ከያዘች በኋላ «ይግቡ፤ ይዝለቁ» ትላለች። ይህን ሁሉ ትቶ ደጁን ያለፈ ሰው ዘው አለ ይባላል። የሚነቀፈውም ስለ ገባ ሳይሆን ስላልተጣራ ነው። ጎረቤት ያደረገው እንደ ሆነ ነቀፋው በሳቅ ያልፋል። ሰተት ማለት ግን ስለ ጠባይ አይናገርም፤ የከለከለ አለመኖሩን ብቻ ይመሰክራል፤ የተጠራ ሙሽራም ሰተት ብሎ ይገባል። ሰርጎ የገባ ደግሞ ባለቤቱ ያላየው ነው። (ጥልቅ ማለት ለሰው ጨዋታ የሚነገር ስለ ሆነ እተወዋለሁ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ምሳሌው አይጠፋም።)

እንግዲህ ወደ 1880 እንመለስ። በጥር ወር የሐምዳን አቡ አንጃ ጦር ጎንደር የደረሰው፣ በደንቢያ ሳር ውኃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል ካደረገ በኋላ ነው። በዚያ ሜዳ በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደቀ። ከተማይቱ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ሲሆን፣ ሕዝቡ ንቦቹ ጠበቁት ይላል። ይህ ሆኖ ሳለ «ዘው አለ» ብሎ መጻፍ እሳት ይዞ የመጣውን ጠላት ሥርዓት እንደ ጎደለው እንግዳ መቁጠር ነው። «ሰተት» የሚለውማ የባሰ ነው፤ የቆመ ሰው አልነበረም ማለት ነውና። ተገቢው ግሥ «ጥሶ ገባ» ነው፤ ቅጥርም ቢሆን የሰው ሰልፍም ቢሆን፣ የሚጣስ ነገር ከፊት እንደ ነበረ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

አንድ ወዳጄ «ከሳር ውኃ በኋላ እስከ ከተማው ድረስ ማን ከለከለው?» ሲል ተከራክሮኛል። ነገሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን የጎንደር በር በዚያ ጊዜ ሳር ውኃ ላይ ነበረ፤ ዘበኞቹም እዚያው ቀርተዋል።

በ1928 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኢጣልያኑ የስታራቼ ጦር በካሚዮን ተጭኖ ያለ ብዙ ውጊያ ጎንደር መግባቱን ለሚጽፍ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ላይ «ሰተት» የሚለውን ቃል ባገኝ፣ ቢመረኝም አልሰርዘውም።