የማያመውን በሽታ ማከም

በደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል "አሁን ደህና ነኝ፤ ሲያመኝ እውጠዋለሁ" የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ሰነፍም አላዋቂም አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የተማረውን ነው የሚናገረው። ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ጨጓራ ያቃጥላል፣ ጥርስ ያስለቅሳል፤ ሕመሙ ሲተው በሽታው ለቅቋል፣ መድኃኒቱም ይቆማል። ግፊት ግን በዚህ ሕግ አይገዛም። የላይኛው ቁጥሩ 170 የደረሰ ሰው ሠርግ ቤት ሲጨፍር ሊያመሽ ይችላል፤ 120 የሆነው ደግሞ ማጅራቱ ተይዞ፣ ጆሮው እየጮኸ፣ "ግፊቴ ተነሣ" ብሎ ይተኛል። ስለዚህ የዚህ ሕክምና ዋና ሙያ መድኃኒት መምረጥ አይመስለኝም፤ ምርጫው በጥቂት ገጽ መመሪያ ያልቃል። ዋናው ሙያ ሰውን ከስሜቱ አላቅቆ ከቁጥሩ ጋር ማወዳጀት ነው። ጨው መቀነሱም፣ የእግር ጉዞውም፣ ክኒኑም የሚጸኑት ይህ ሲሆን ነው።

ሐኪሞች ራሳቸው ይህን ለመቀበል ረጅም ዘመን ፈጅቶባቸዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ክንድ ላይ በሚጠመጠም መሣሪያ ግፊት መለካትን ጣሊያናዊው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በ1896 አሳየ፤ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮፍ በ1905 በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ጨመረበት። ቁጥሩ ከተገኘ በኋላም ቢሆን ብዙ ሐኪሞች ለአሥርት ዓመታት "ልብ በጠበበ ሥር ደም ለማሳለፍ የሚያደርገው ትግል ነው፤ ባይነካ ይሻላል" ይሉ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በማርች 1944 ሲለካ 186 በ108 ነበር፤ በኤፕሪል 1945 አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በሞተበት ቀን ከ300 በ190 በላይ ሆኖ ተመዘገበ። ክርክሩን የቋጨው ኤድዋርድ ፍሪስ የመራውና በ1967 የታተመው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ጥናት ነው። የታችኛው ቁጥራቸው ከ115 እስከ 129 ከሆነ 143 ወንዶች ገሚሱ መድኃኒት፣ ገሚሱ ባዶ ክኒን ወሰዱ። ባዶውን ከወሰዱት 27ቱ ከባድ ጉዳት ሲደርስባቸው ከሌሎቹ የተጎዱት 2 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች በ2016 በአንድነት ሲመረመሩ፣ የላይኛው ቁጥር በ10 ሲወርድ ስትሮክ በ27 በመቶ፣ የልብ ድካም በ28 በመቶ፣ ሞት ደግሞ በ13 በመቶ እንደሚቀንስ ታየ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ መድኃኒቱን ሲጀምሩ የሚያማቸው ነገር አልነበረም።

ቁጥሩን እንመን ካልን ግን አለካኩ ሊታመን ይገባል፤ እኛ ባለሙያዎች በጣም የምንደክመውም እዚህ ላይ ነው። ታካሚው ከአግዳሚ ወንበር ተጠርቶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ፣ በሹራቡ ላይ ካፉ (የመለኪያው መጠምጠሚያ) ይታሰርበታል። ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ በዚህ መሐል "ባለፈው የታዘዘልህን ጨረስክ ወይ?" ይባላል፤ እሱም ይመልሳል። ከእነዚህ እያንዳንዱ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። በ2024 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ጥናት ክንድ ጭን ላይ ሲያርፍ የላይኛው ቁጥር በ4 ገደማ፣ ወደ ጎን ሲንጠለጠል ደግሞ ከ6 በላይ ያለ አግባብ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከክንዱ የጠበበ ካፍ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል፤ በጣም ወፍራም ክንድ ላይ ለመካከለኛ ክንድ የተሠራው ሲታሰር ስህተቱ እስከ 20 ይጠጋል። 136 የሆነ ሰው በዚህ አሠራር 143 ሆኖ ይወጣና የዕድሜ ልክ ታካሚ ይባላል። ወይም መድኃኒቱ በቂ የሆነለት ሰው መጠን ይጨመርለትና ከአልጋው ሲነሣ ይዞረዋል፤ ከዚያ በኋላ "መድኃኒቱ አልተስማማኝም" ብሎ ቢያቆም የሚወቀሰው እሱ አይደለም። የላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ማውረድ እንደሚጠቅም ያሳየው የ2015ቱ ስፕሪንት ጥናትም ሰዎቹን አምስት ደቂቃ ጸጥ አድርጎ አስቀምጦ በአውቶማቲክ መሣሪያ ነው የለካው። በጥድፊያ እየለኩ የዚያን ጥናት ቁጥር ማሳደድ አደገኛ ነው።

"ወረፋው እያለ ለማን አምስት ደቂቃ ይሰጣል?" የሚለው መልስ የታወቀ ነው፤ ችግሩም እውነት ነው። ነገር ግን ታካሚው የጎደለው ጊዜ አይደለም፤ ወረፋ ላይ ሰዓታት ተቀምጧል። ዕረፍቱን ያፈረሰው ተነሥቶ መምጣቱ ነው። መለኪያው ከሐኪሙ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ መጠበቂያው ቢወጣ፣ ለካፊው ወደ ታካሚው ቢሄድ፣ ወረፋው ራሱ ዕረፍት ይሆናል። ጀርባ ይደገፍ፣ እግር መሬት ይንካ እንጂ አይጠላለፍ፣ የተራቆተ ክንድ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ሽንት አስቀድሞ ይወገድ፣ ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ቡናም ሲጋራም አይኑር፣ ዝም ተብሎ ሁለት ጊዜ ይለካ። አቅሙ ያለው ሰው በላይኛው ክንድ የሚታሰር መሣሪያ ገዝቶ ቤቱ ቢለካ ደግሞ ነጭ ጋዋን ሲያይ ብቻ የሚነሣውን ግፊት ከእውነተኛው መለየት ይቻላል፤ እቤት ሲለካ ግፊት ከፍ አለ የሚባልበት መነሻ ከ140 በ90 ወደ 135 በ85 ዝቅ ይላል።

ወደ አኗኗር ስንመጣ፣ "ጨው ቀንስ" ብሎ ማሰናበት ምክር አይባልም። አሜሪካ ውስጥ ከሚበላው ጨው 70 በመቶ ያህሉ ከፋብሪካና ከምግብ ቤት የሚመጣ ነውና ሰውዬው ብቻውን ብዙ ማድረግ አይችልም። እኛ ዘንድ ግን አብዛኛው ጨው የሚገባው እቤት ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አለበት፣ ሽሮው አለበት፣ ሚጥሚጣው አለበት፤ ወጡ ሲበስል እንደገና ይነሰነሳል፤ በብዙ የገጠር አካባቢ ቡናውም በጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን ይላል፤ በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ አማካዩ 8 ግራም ገደማ ነበር። ስለዚህ ምክሩ የጨው ዕቃው የት እንደተቀመጠ ለማያውቅ አባወራ ተነግሮ ዋጋ የለውም፤ ወጡን ለምትሠራው ወይም ለሚሠራው ሰው መድረስ አለበት። በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይፈጭ፣ ጨው አንዴ ብቻ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይግባ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል፤ እስኪለምድ ግን አልጫ አልጫ ማለቱ አይቀርም፣ ይህን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። በቻይና 600 መንደሮች ውስጥ 21 ሺህ ያህል ሰዎች የተሳተፉበትና በ2021 የታተመ ጥናት የጨው ለውጥ እስከ ስትሮክ እንደሚደርስ አሳይቷል፤ ከሶዲየሙ ከፊሉ በፖታሺየም የተተካ ጨው የተጠቀሙት ላይ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ። (ኩላሊቱ የታመመ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ጨው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው።) የኖረውን አመጋገባችንን ለመናቅም ምክንያት የለም። ጎመን፣ ምስርና ባቄላ ያለበት የጾም ገበታ ዘይቱና ጨው ከተቀነሰለት ለግፊት የሚመከር ምግብ ነው። ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአዲሱ አገር የቆይታ ጊዜ ሲጨምር ግፊትም እየጨመረ መሄዱን መዝግበዋል፤ ዘር በዚያ ፍጥነት አይለወጥም።

ክብደት በአንድ ኪሎ ሲቀንስ የላይኛው ቁጥር በአንድ ገደማ ይወርዳል፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይረዳል፤ ጫት፣ አረቄና ቢራ ያባብሳሉ። ይህ የታወቀ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት መጠኑ ላይ ነው፤ ጎበዝ ሰው በዚህ ሁሉ ከ5 እስከ 10 ያወርዳል፣ አንዳንዱም የበለጠ። ከ144 ለተነሣ ሊበቃው ይችላል፤ ከ175 ለተነሣ አይበቃም። ነጭ ሽንኩርትን፣ ሽፈራውን፣ ተልባን በተመለከተም ከታካሚ ጋር መጣላት ጥቅም የለውም። "ይውሰዱት፣ ክኒኑን ግን አያቁሙ፣ በወሩ እንለካ" ማለት ይሻላል፤ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። ጸበልም ሆነ ጾም ከሕክምና ጋር የሚጋጩ አይደሉም። በ2022 የታተመውና ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት የግፊትን ክኒን ጠዋት ወይም ማታ መውሰድ ለልብና ለአንጎል ልዩነት እንደማያመጣ አረጋግጧል። ስለዚህ በቀን አንዴ የሚወሰደውን ክኒን ጾመኛው ጾሙን ሲፈታ፣ ሙስሊሙም በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ይዋጠው።

ከሁሉም ከባዱ ተቃውሞ "መድኃኒቱ ከተጀመረ አይቆምም፤ ኩላሊትም ይጨርሳል" የሚለው ነው። የፊተኛው ክፍል በአብዛኛው እውነት ነው፤ ማለባበስ አያስፈልግም። የኋለኛው ግን ነገሩን ገልብጦታል። ኩላሊትን የሚያደክመው ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ግፊት ነው፤ ታካሚው ወደ መድኃኒቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ተጀምሯልና ጥፋቱ በክኒኑ ላይ ይለጠፋል። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የደም ምርመራ መከታተልን ይጠይቃሉ፤ ይህ ደግሞ ክትትል ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ እንጂ መድኃኒት ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም። የጎንዮሽ ችግሩንም ቀድሞ መናገር ታማኝነትን ይገዛል፦ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፣ ሁለቱም ሲከሰቱ መለወጫ አለ። በ2019 የታተመውና በስድስት የአፍሪካ አገሮች በ728 ጥቁር ታካሚዎች ላይ የተደረገው ክሪዮል የተባለ ጥናት አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምር መድኃኒቶች ከሌለባቸው የተሻለ ግፊት እንደሚያወርዱ አሳይቷል። የአንዱን መጠን ከማጠፍ ሁለት በትንሽ በትንሹ ማጣመር እንደሚበልጥም በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህ ለታካሚው ካልተነገረ ግን "በሽታዬ ስለባሰ ነው ሁለት የሆነብኝ" ብሎ ይደነግጣል።

"ለሽማግሌ ግፊት የተፈጥሮ ነው" የሚለውም አይሠራም። በ2008 የታተመው ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,845 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሕክምናው የሞት መጠንን በ21 በመቶ ስለቀነሰ ከጊዜው በፊት ቆሟል። በሌላ በኩል ቁጥርን ማመን ቁጥርን ከመፍራት ይለያል። 190 አይቶ ምንም ምልክት የሌለውን ሰው ምላስ ሥር ኒፊዲፒን ማድረግ በድንገት ወደ አንጎልና ወደ ልብ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ይህ አሠራር ይቁም የሚል ጥሪ በ1996 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ደረት መውጋት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መስነፍ ወይም የአንደበት መያዝ ካለ ግን ደቂቃ ሳይባክን ሆስፒታል ነው።

የቀረው ጥያቄ ሕዝባችን የማያመውን በሽታ በየቀኑ ክኒን እየዋጠ ሊያክም ይችላል ወይ የሚለው ነው። ይችላል፤ አድርጎታልም። ከ2005 ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ ሲሰጥ ብዙዎች "ገጠር ያለ ሰው እንዴት በሰዓቱ ይወስዳል?" ብለው ነበር። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ደህና ሆነው ሳለ በየዕለቱ ይውጣሉ፤ የሚጠብቁትም ስሜታቸውን ሳይሆን በደማቸው ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ነው። ያን ያደረገው መድኃኒቱ ሳይቋረጥ መገኘቱ፣ የቀጠሮ መዝገቡ፣ የቀረውን ሰው ፈልጎ የሚደውል ባለሙያ፣ ለብዙ ወር በአንዴ የሚሰጥ ክኒን ነው። በ2015ቱ ዳሰሳ ከፍ ያለ ግፊት የተገኘባቸው ግን 16 በመቶ ያህል አዋቂዎች ነበሩ፤ ክኒን የሚወስዱት በአብዛኛው ከኪሳቸው ይገዛሉ፤ ቀጠሮ ሲያሳልፉም የሚደውልላቸው የለም። እንዲህ እያለ ታካሚውን ቸልተኛ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ጤና ጣቢያዎች ለኤችአይቪ የሠሩትን መዝገብና የጥሪ ሥርዓት ለግፊት ይዘርጉት፤ የጤና መድኑም ክኒኑን ከመደርደሪያ እንዳይጠፋ አድርጎ ይሸፍን። አንባቢው ደግሞ 30 ዓመት ካለፈው በዚህ ሳምንት አምስት ደቂቃ አርፎ ይለካ፣ ሁለቱንም ቁጥሮች ከቀኑ ጋር ጽፎ ይያዝ።