ከወንበር መነሳት

ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን ያሰነፈባቸው ሰዎች ቤት ስገባ ቤተሰቡ የሚያስቀድመው ጥያቄ «መቼ ይራመዳሉ?» የሚል ነው። እኔ አስቀድሜ የማየው አነሳሳቸውን ነው። ከወንበር በራሱ መነሳት ያቃተውን ሰው ሁለት ልጆቹ በብብቱ ይዘው ግቢውን ቢያዞሩት፣ የሚራመዱት ልጆቹ ናቸው። የሰነፈውን ክንድ መጎተት ደግሞ ትከሻውን ይጎዳዋል።

መነሳት የራሱ ሥርዓት አለው። መቀመጫን ወደ ወንበሩ ጫፍ ማምጣት፣ ተረከዞችን ከጉልበት ወደ ኋላ መሳብ፣ አፍንጫ ከእግር ጣቶች በላይ እስኪደርስ ማጎንበስ፣ ከዚያ መነሳት። ሕመምተኛው ታዲያ ክብደቱን ሁሉ በጤነኛው እግር ላይ ይጥላል። ስለዚህ ጤነኛውን እግር ትንሽ ወደ ፊት አስወጣዋለሁ፤ ያን ጊዜ የሰነፈው ሳይወድ ሸክሙን ይካፈላል። እኔ በሰነፈው ጎን እቆማለሁ። መቀመጫው ዝቅ ካለ ጋቢ አጣጥፈን እናነጥፍበታለን፤ ጉልበት እየጠና ሲሄድ እጥፋቱን እንቀንሳለን። አምስት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና አምስት። አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው በድግግሞሽ ነው። ከዘራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በጤነኛው እጅ ይያዛል።

ዘመናዊ ማሽን ስለሌለኝ ታካሚዎቼን የበደልኳቸው ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ 408 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ወጣ። ሰውን በማሰሪያ ደግፎ በትሬድሚል ላይ ማስራመድ፣ ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ ከሚያሠራው የጥንካሬና የሚዛን ልምምድ አልበለጠም። በትሬድሚሉ ስትሮኩ ከደረሰባቸው ከስድስት ወር በኋላ የጀመሩት እንኳ ዓመቱ ሲሞላ በሁለተኛው ወር ከጀመሩት አላነሱም። ዘግይተው ለሚመጡ ሰዎች ይህን ሳልነግራቸው አላልፍም።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። አንድ ቤት ልጅቱ ውሃውንም፣ ስልኩንም ከእናቷ እጅ ታደርስ ነበር። «እማዬ፣ አንቺ አትነሺ፣ እኔ አለሁልሽ።» ፍቅሯ ያስቀናል። ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው እኔ ባለሁባት አንድ ሰዓት ብቻ ቢነሳ አይበቃውም። ውሃውን ሦስት እርምጃ ራቅ አድርጋ እንድታስቀምጥ፣ እናቷ ሲነሱም አጠገባቸው እንድትቆም ለመንኳት። የመጀመሪያውን ቀን አለቀሰች።

ከሳምንታት በኋላ በሩን ሳልፍ እናትየው ወደ ወንበሩ ጫፍ ሲሳቡ አየኋቸው። ተረከዛቸውን ሰበሰቡ፣ አጎነበሱ፣ «ኖር!» አሉ። «በእግዜር፣ አይነሱ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። በሰነፈው ጎናቸው ሄጄ ቆምኩ፤ ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ቀጥ እስኪሉ ጠበቅሁና «በእግዜር» አልኳቸው።