ከቧሂት ማዶ

«ስሜንን አየሁ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ያየው ሳንቃበርን፣ ግጭንና ጨነቅን ነው። ጭላዳ ሣር ሲነጭ ፎቶ አንስቶ፣ እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆሞ ገደሉን ቁልቁል ተመልክቶ ወደ ደባርቅ ይመለሳል። ለጀማሪ ይበቃዋል። የዛሬው ዳሰሳዬ ግን ለለመደ እግር ስለሚሆነው፣ ከጨነቅ ተነሥቶ በቧሂትና በጃናሞራ አድርጎ ራስ ዳሽን ስለሚያደርሰው መንገድ ነው።

ስሙ የገነነው ራስ ዳሽን ነው፤ ሰው የሚጥለው ግን መሸሃ ነው። 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ጨነቅ ማልዶ የተነሣ ተጓዥ፣ የቧሂትን በር ሲሻገር 4,200 ሜትር ደርሷል። ከዚያ ያን ሁሉ የወጣበትን ያስረክባል፤ ቁልቁለቱ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እስካለው መሸሃ ወንዝ ድረስ አይለቅም። አቀበት ሳንባን፣ ቁልቁለት ጉልበትን ይፈትናል፤ እዚህ ሁለቱም በአንድ ቀን ይጠየቃሉ። ወንዙን ተሻግሮ አምቢቋ መንደር ማደር፣ በማግስቱ በውርጭ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ያህል መውጣት ነው። ሲመለሱ ያ ቁልቁለት አቀበት ሆኖ ይጠብቃል።

ጫፉ ራሱ? የድንጋይ ክምር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት እርምጃዎች እጅንም ይጠይቃሉ፤ አጠገቡ ያለው ጉብታም የሚበልጥ ይመስላል።

ይህን ያህል ከፍታ ይዘን የበረዶ መንሸራተቻ የሌለን ለምንድን ነው? ሌሶቶ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ አላት። የእኛ ብርድ የሚበረታው ሰማዩ ደረቅ በሆነበት በበጋ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ በክረምት ይመጣል፤ ሁለቱ አይገናኙም። በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለው ሮቤል ተክለማርያምም ስኪውን የተማረው በሰው አገር ነው።

ወደ መንገዱ ስመለስ፣ ነቀፌታዬ ሁለት ነው። የመኪናው መንገድ የቧሂትን በር ስለሚያቋርጥ፣ የጭነት መኪና አቧራ የጉዞውን ግርማ ይቀንሰዋል። የሚብሰው ግን ሌላው ነው፦ ታዋቂዎቹ ሎጆች ከደባርቅ ወገን ናቸው፤ በገብስ ማሳው መካከል የሚያሳልፈን የጃናሞራ ገበሬ ግን ከእንግዳው የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ጸጥታውን አስቀድሞ ጠይቆ፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) እና ባለ በቅሎ ይዞ ለሚሄድ ሰው በስሜን ከዚህ የሚበልጥ መንገድ የለም። በሶና ቆሎውን ግን ከጃናሞራ ሰው ይግዛ።