የስካውት መጽሐፍና የቀጨኔ ልጅ

የስካውትን ማኅበር የመሠረተው እንግሊዛዊው የጦር ሹም ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1916 ለትንንሽ ወንዶች ልጆች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ልጆቹንም የተኵላ ግልገል ብሎ ሰየማቸው፤ ሐሳቡን ያገኘው ኪፕሊንግ በተኵላዎች መካከል ስላደገ ልጅ ከጻፈው ተረት ነው። ጫካን በተረት እንጂ በዓይኑ ላላየው ለለንደን ልጅ ይህ መልካም ዘዴ ነበር።

ዳሩ ግን መጽሐፉ እንዳለ ወደ ቀጨኔ ቢወጣ ምን ያስተምራል? የሸክላ ሠሪ ልጅ ገና በሰባት ዓመቷ አፈር ትለያለች፤ ሸክላው ሲቃጠል እንዳይሰነጠቅ እሳቱ እንዴት እንደሚያዝ ከእናቷ አይታለች። እሳት ማንደድን እንደ ታላቅ ጥበብ ሊያሳያት የሚመጣ መምህር ቢኖር ሳቋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ስሙም ቢሆን አይስማማም። ሸክላ ሠሪ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ በተወራበት አገር ልጇን በአውሬ ስም ቢጠሩባት እናት ምን ይሰማት ይሆን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ስለዚህ ስካውት ለቀጨኔ አይረባም ወደ ማለት አትቸኵል። በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ድንኳኑ ወይም ገመዱ አይደለም፤ ልጆቹን ስድስት ስድስት አድርጎ መመደቡ ነው። ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በብራውንሲ ደሴት ሃያ ያህል ልጆች በሰበሰበ ጊዜ የባለጸጋውንና የሠራተኛውን ልጅ ደባልቆ በቡድን በቡድን አድርጓቸው ነበር።

በእኛ አገር ይህ ነገር ይከብዳል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረዋል፤ ዐዋጁ ግን ከአደባባይ አልፎ ጓዳ አልገባም። ቡዳ የሚለው ስድብ ሸክላ ሠሪዋን ተከትሎ እስከ ልጅ ልጇ ደረሰ። ልጁ ከእርሷ ልጅ ጋር እንዳይጫወት የሚከለክል ሰው ዛሬም አይጠፋም (ጀበናዋን ግን አይጥለውም)። ስድስት ልጆች አንድ ድስት ቀቅለው ከአንድ ትሪ የበሉ እንደ ሆነ ግን ይህን ክልከላ ማስከበር ለወላጅም ያስቸግራል።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የቦይ ስካውት ቡድኖች ነበሩ። ሰልፍ ያምራል፤ ነገር ግን ወላጅ ከዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ ብቻ ከሆነ ቤቱ እንደ ነበረ ይቀራል። ሴቶች ልጆችም መቅረት የለባቸውም፤ በቀጨኔ የሸክላ ጥበብ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ነው የሚወርደው። እንግዲህ ለስድስቱ መምህር የምትሆነው ያችው ሸክላ ሠሪ እናት ትሁን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደጇ አስቀምጣ ጭቃ ታስቦካቸው። የነጋዴውም ልጅ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱ ማን ቤት እንደ ዋለ ትጠይቀዋለች።