«በጊዜ» እና «በሰዓቱ»፦ ስለ እንግሊዝኛ የጊዜ ሐረጋት መደናገር ሂሳዊ ዳሰሳ

በዲላም ሆነ በጨለለቅቱ የእንግሊዝኛን ሰዋስው የሚማር ደቀ መዝሙር ከሚደናገርባቸው ሐረጋት መካከል «ኦን ታይም» እና «ኢን ታይም» የሚባሉት ጥንዶች ይገኙበታል፤ የመደናገሩም ምክንያት፣ በቀልድ እንደሚነገረው፣ «የሐበሻ ቀጠሮ» ሳይሆን፣ ሁለቱም «በሰዓቱ» ተብለው መፈታታቸው ነው። የፊተኛው ለተቀጠረው ደቂቃ መታመንን፣ የኋለኛው ግን ነገሩ ከመበላሸቱ ወይም ከማምለጡ አስቀድሞ መድረስን ያመለክታል፤ አማርኛም ይህን ልዩነት «በሰዓቱ» እና «በጊዜ» ብሎ አሳምሮ ያውቀዋልና፣ ጉድለቱ የፈቺው እንጂ የቋንቋው አይደለም።

ማስረጃ የሚሻ ሰው በለቀማ ወራት ከይርጋ ጨፌ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጨለለቅቱ አልፎ የቡናውን ሥራ ይመልከት። ቀዩ እሸት ከተለቀመ በኋላ በዚያው ዕለት መፈልፈያ ካልደረሰ በከረጢቱ ውስጥ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጣዕሙም ይበላሻል፤ ስለዚህ ገበሬው አመሻሽ ላይ ከረጢቱን ከትከሻው አውርዶ «በጊዜ ደረስኩ» ቢል፣ ወሰኑን ያበጀው የፍሬው ጠባይ እንጂ ሰዓት ስላይደለ፣ ማንም ስንት ሰዓት ነው ብሎ አይሟገተውም። ወደ ዲላ የሚሄደው መኪና ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣል ተብሎ 12 ሰዓት ሲነሣ «በሰዓቱ ተነሣ» ይባላል፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሣ ግን፣ በጊዜ መነሣቱ ባይካድም፣ ዘግይቶ ለደረሰው ተሳፋሪ ቀርቶ ለሰዓት አክባሪው እንኳ «በሰዓቱ» ነው ብሎ የሚከራከርለት አይገኝም።

ከዚህ የባሰው ግን «እስከ» ነው። «እስከ ዓርብ ጨርስ» እና «እስከ ዓርብ ቆይ» ስንል ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጓሜውን የሚለየው ግሡ ነው፤ መጨረስ በአንድ ነጥብ ይፈጸማል፣ መቆየት ግን እየተዘረጋ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ሸክም በመስተዋድዱ ላይ ጥሎ ለፊተኛው «ባይ»፣ ለኋለኛው «አንቲል» ስለሚል፣ ተማሪው ለሁለቱም «አንቲል» ጽፎ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። አፉን በጌዴኦ ቋንቋ ፈትቶ አማርኛን በሁለተኛ ደረጃ ለተማረው ልጅማ የአማርኛው ፍቺ ራሱ ሌላ ፍቺ ያሻዋል፤ መምህሩም በቃል ፈንታ ስለ ቡናውና ስለ መኪናው ምሳሌ ቢሰጠው ይበጀዋል ባይ ነኝ።

ስለ ሰዓት አቆጣጠሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የእኛ 3 ሰዓት ለፈረንጁ 9 መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ እያንዳንዱንም ኬክሮስ 24 ደቂቃ አድርገው የከፈሉ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ያሉትን ሕዝብ ጊዜ አይለይም ብሎ መንቀፍ ግን ከድፍረት የሚቆጠር ነው። እንዲያውም በአንድ ነገር አማርኛ ይራቀቃል፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዕለት ከሠርክ ስለሚጀምር፣ በፈረንጁ ልማድ ግን ከእኩለ ሌሊት ስለሚለወጥ፣ «ሰኞ ሌሊት» የተባለ እንደሆነ የትኛው ሌሊት እንደሆነ አይታወቅም። የእንግሊዝኛውን «መንደይ ናይት» በደፈናው «ሰኞ ሌሊት» ብሎ የሚፈታ ተርጓሚም ተጓዡን በአንድ ሌሊት ሊያሳስተው ይችላል፤ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ብሎ የቀጠረ ሽማግሌ ግን ሁለቱንም ዕለታት ጠርቶ መካከላቸው ላይ ያለችውን አንዲት ሌሊት ለይቶ አስቀምጧታል።